«ከትምህርቱ ውጪ» ያልኩት ፖስታ

የጥያቄ ሳጥኑ የጫማ ካርቶን ነው። ክዳኑን በምላጭ ሰንጥቄ፣ ዙሪያውን በሰማያዊ የደብተር ልባስ ለብጄ፣ ደብረ ማርቆስ ባለችው አጥቢያችን ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር አጠገብ ካስቀመጥኩት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጣሪያው ስለሚያፈስ ሁለቴ ረጥቦ ተበላሽቷል፤ ያሁኑ ሦስተኛው ነው። ልጆቹ የከበዳቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ይከቱበታል። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት እከፍተዋለሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመልሳለሁ።

ደንብ ነበረኝ። ከሳምንቱ ትምህርት ጋር የሚሄደውን ጥያቄ ለብቻ አደርጋለሁ። የማይሄደው ላይ በእርሳስ «ከትምህርቱ ውጪ» ብዬ እጽፍና ቡናማ ፖስታ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ጊዜ ሲተርፍ ይመለሳል። ጊዜ ተርፎ አያውቅም። ልጆቹ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያሉ ናቸው። በዚያ ዕድሜ በሩ ከተከፈተለት ከመላእክት ክንፍ የተነሳ ጥያቄ የሚያርፈው እግር ኳስ ላይ ነው። ስለዚህ ፖስታው እየወፈረ ሄደ፤ እኔም ሥርዓት ያስከበርኩ መስሎኝ ነበር።

የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጽሐፍን በቁጥሩ የመደርደር አመል ሰውንም ጥያቄንም እንድደረድር ሳያደርገኝ አልቀረም። ከዚያ የጠለቀ ምክንያት ግን አለኝ። የተወለድኩት ከአምበር ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ እዚሁ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው። ወንበር የተጋራኝ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ፊደል ስስት «እትዬ፣ እግሩ እኮ በዚህ በኩል ነው» እያለ እጄን ይዞ ያርመኝ ነበር። አልተከራከርኩትም። ለመከራከር አቅሙም ጊዜውም አልነበረኝም። የተባልኩትን ተቀብዬ፣ ደግሜ፣ ሠልሼ ነው እዚህ የደረስኩት። መማር ማለት እሱ ብቻ መስሎኝ ኖርኩ፤ አፍ ዘግቶ መቀበል።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ ጀምሮ የያዝነው ትምህርት ስለ መታዘዝ ነበር። ልጆቹ አልሰማ ብለውኝ ነው የመረጥኩት። ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት ቤት ውለው ከስልክ ጋር ከርመዋል። ኔትወርክ ባይኖርም ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ይገለብጣሉ። የአንዱ ስብከት፣ የሌላው ቀልድ፣ የሌላው ሕልም፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆ ይመጣል፤ ማን እንደተናገረው፣ የት እንደተናገረው ግን አብሮ አይመጣም። እኔ ሳስተምር ከኋላ ወንበር «እትዬ፣ እሱ ግን እንዲህ አይደለም ያለው» የሚል ይነሳል። «እሱ ማነው?» ስል ስሙን የሚያውቅ የለም።

ደከመኝ። ሳምንቱን ሙሉ መጽሐፍ ሳነሳና ስጥል ከርሜ፣ እሑድ ደግሞ ስም ከሌለው ድምፅ ጋር መሟገት ደከመኝ። ስለዚህ ቀላሉን መንገድ ያዝኩ።

«አስተማሪ ሲናገር ለምን አይባልም» አልኳቸው። «መጀመሪያ እሺ በሉ። ማስተዋል ከእሺታ በኋላ ይመጣል።»

በቃላቸው አስጠናኋቸው። በአንድ ድምፅ ሲሉት ደስ ይል ነበር።

ከሁሉ ቀድማ የያዘችው ሦስተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ገበያ ውስጥ ቅመም ትነግዳለች፤ አባቷ በሕይወት የለም። ዝምተኛ ናት፤ ነጠላዋ አይዛነፍም፣ ዓይኗ ከአስተማሪ ላይ አይነሳም። እውነቱን ልናገርና፣ የምወዳት ስለማታስቸግረኝ ነበር። «እንደ እሷ ብትሆኑ ምን ነበረበት!» እያልኩ ሌሎቹን አሳፍርባት ነበር። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ቀልደኛ ልጅ ደግሞ መልስ አታጣም። «እትዬ፣ እሷ እኮ ሚሞሪ ካርድ ናት። እኛ ሰው ነን፣ እንረሳለን» ትላለች። ክፍሉ ይስቃል። ዝምተኛዋ አትስቅም፣ አትቆጣምም።

በሰኔ አንድ እሑድ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አልሰማ አለ። ጋብ እስኪል ብዬ መጽሐፌን ይዤ እንደቆምኩ ሦስተኛው ወንበር ተገለበጠ። ልጅቷ መሬት ላይ ናት። እጅ እግሯ ይንፈራገጣል፣ ዓይኗ ነጩ ብቻ ይታያል፣ ከአፏ አረፋ ወጣ። ሠላሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ተነሳ።

«ክብሪት! ክብሪት ጭራችሁ አሽቷት!»

«ምን ክብሪት ትላለህ፣ ጸበል አምጡ እንጂ!»

«ኧረ አትንኳት፣ ይጋባል!»

«ማን ነው ይጋባል ያለሽ?»

«ሁሉም ያውቃል!»

እኔ እዚያው መጽሐፌን እንደያዝኩ ነበርኩ። ያቺ ቀልደኛ ከኋላ ወንበር ላይ እየተረማመደች መጣች። ሹራቧን አውልቃ ከጭንቅላቷ ሥር አደረገችላት። «የአክስቴ ልጅ አለበት» አለች። «ዞር በሉ፣ አየር ታግኝ። በጎኗ አስተኟት። አፏ ውስጥ ምንም እንዳትከቱ። አንተ፣ ስልክህን አውርድ፣ ሠርግ መሰለህ?» ለዓመታት በጥባጭ ስላት የኖርኳት ልጅ ስታዝ፣ እኔ የታዘዝኩትን ሠራሁ፤ ዞር አልኩ።

መንፈራገጡ ሲያቆም ቤታቸው ቅርብ ስለነበር ልጆቹ እናቷን ጠሩ። በዝናቡ ውስጥ ባዶ ራሷን እየሮጠች ደረሰች።

«በእጄ እኮ ነው የምሰጣት!» አለችኝ፣ የሆነ ነገር ያልኳት ይመስል። «ጧትም ማታም በገዛ እጄ!»

«ምኑን?»

«ክኒኑን ነዋ! ሐኪም ቤት ከጀመረች ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥሏት አያውቅም።»

ፊቷን ልትጠርግላት የልጅቷን ነጠላ ጫፍ ስትስበው ቋጠሮ አገኘች። ፈታችው። ነጫጭ ክኒኖች ነበሩ፤ ከፊሎቹ ምላስ ሥር ቆይተው የተተፉ፣ በምራቅ የሟሙ። እናትየው በመዳፏ ይዛ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ከጩኸቷ ይልቅ መቁጠሯ ከበደኝ።

ልጆቹን አሰናበትኩ። ሦስታችን ቀረን። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ፣ ምላሷን ነክሳው ስለነበር ቃሉ እየተሳሰረባት ነው የምትናገረው። ጸበል ተጠምቆ የሐኪም ክኒን የሚውጥ ሰው በሁለት ገመድ የተንጠለጠለ ነው፣ እምነቱ አልሞላም ብለዋል አለች።

«ማነው ያለው?» አለች እናት።

«መምህሩ።»

«የት ያለ መምህር?»

«ስልክ ላይ ያሉት።»

ተናደድኩ። ፍርሃቴ ነው በቁጣ የወጣው። «የማታውቂው ሰው እንዲህ ሲልሽ እንዴት ዝም ብለሽ እሺ ትያለሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ በእውነት ግራ ገብቷት ነው። «እትዬ፣ አስተማሪ ሲናገር ለምን አይባልም ብለውን የለም እንዴ?»

«ቢያንስ ትጠይቂ ነበር!»

«ጠይቄ ነበር።»

«ማንን?»

«ሳጥኑን» አለች።

ሰኞ ጧት ቤተ መጻሕፍቱን ከፍቼ፣ ተማሪ ሳይገባ፣ ቡናማውን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ወረቀቷን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ የሷ ጽሕፈት የተደረደረ ነው፣ የኔኑ ይመስላል። «ጸበል የተጠመቀ ሰው የሐኪም መድኃኒት ቢውጥ ክህደት ነው ወይ? አንድ መምህር ነው ሲሉ ሰማሁ። መታዘዝ አለብኝ ወይ?» ይላል። ከጎኑ በእርሳስ የኔ እጅ፦ ከትምህርቱ ውጪ። ከወደቀችበት እሑድ አራት ሳምንት ቀድሞ የገባ ነው። አራት ሳምንት ሙሉ ጥያቄዋ ሲነበብ ለመስማት ሦስተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጠብቃለች። እኔም በአራቱም እሑድ «እንደ እሷ ሁኑ» ብያለሁ።

በዚያው ቀን እናትየው መጣች። «እሺ ትለኛለች፤ ግን ዓይኗ እሺ አይልም» አለችኝ። «አፏን ከፍቼ አያለሁ። ስንት ቀን እንዲህ እዘልቃለሁ? እኔ ገበያ እውላለሁ። እሳት ላይ ብትወድቅስ? አስፋልት ስትሻገር ቢጥላትስ? እርስዎን ትሰማለች፣ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ችግሩ ይኸው መስማቷ እንደሆነ በምን አፌ ልንገራት?

ማክሰኞ ልጅቷን ይዤ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄድኩ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ይኖራሉ። ደርሰን ያገኘናቸው ጓሯቸው ውስጥ፣ ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብለው ድንች ሲኮተኩቱ ነው። መስቀል አሳለሙን። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የፖስታውን ጭምር። መኮትኮቻቸውን ሳይለቁ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ይህ ሰው ደብሩ የት ነው?»

«አላውቅም አባ።»

«ካህን ነው?»

«ጥምጥም አላቸው።»

«ጥምጥምማ ጨርቅ ነው፣ ገበያ ሞልቷል። ማን አስተማረው? ቢሳሳት ማን ይመልሰዋል? አንቺ ብትወድቂ መጥቶ ያነሳሻል?»

መልሷን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ለፋሲካ በግ ስትገዙ አብረሽ ሄደሽ ነበር?»

«አዎ።»

«እናትሽ ምን አደረገች?»

«አፉን ከፍታ ጥርሱን አየች።»

«ሌላስ?»

«ላቱን ጨበጠች… ደግሞ ሲራመድ አየችው፤ አነከሰ ብላ ሌላ መረጠች።»

«ይኸውልሽ። ለሁለት ቀን ወጥ ያን ያህል መርምራችሁ፣ ለነፍስሽ የመጣውን አፉን ሳታዪ አስገባሽው።» እየተደገፉ ተነሱና ወደ ቤት ገብተው አንድ የክኒን ብልቃጥ ይዘው ወጡ። «የደም ግፊት ነው። በምን የምውጠው ይመስልሻል?»

«በውሃ?»

«በጸበል። ውሃውን የባረከው ሐኪሙንም ፈጥሮታል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ስተወው ማንን ደስ ይለዋል?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እኔም ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነጠላዬን ሳስተካክል ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ ደግሞ እሺ ባይ አብዝተሻል» አሉኝ። «እሺ ባይ ለኔም እሺ፣ ለሌባም እሺ ነው።»

«አባ፣ ልጆቹ እኮ አይሰሙም፤ ምን ላድርግ?»

«እሱን እኔም አላውቅም። አርባ ዓመት ናዝዣለሁ፣ አላውቅም» አሉና ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

አልወደድኩትም። መጽናናት ፈልጌ ነበር። ጭቃውን እየዘለልን ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ልጅቷ፣ «እሺ እትዬ፣ ካሁን ጀምሮ እውጣለሁ» አለችኝ። ፈጥና፣ ለስልሳ፣ ልክ ትምህርቱን በቃሏ ስትልልኝ እንደነበረው። በረደኝ።

«ለምን ትውጪያለሽ?»

«እርስዎና አባ ስላላችሁ።»

«ነገ ሌላ ሰው ሌላ ቢልሽስ?»

ባጃጅ መጣ፤ አሳለፍኩት። ልቤ «ተዪያት፣ እሺ ብላለች፣ ይበቃል» ይለኛል። ክኒኑን ትዋጥ እንጂ በማንም ቃል ትዋጠው፤ መውደቅ እኮ ቀጠሮ አይሰጥም። ደግሞ አውቃለሁ፤ ያ እሺታ ነው ከነጠላው ጫፍ ቋጠሮ ያደረሳት።

«ዛሬ ስለተባልሽ ዋጪው» አልኳት በመጨረሻ። «ዛሬ ሌላ ጊዜ የለንም። ከነገ በኋላ ግን ስለተባልሽ አይበቃም።»

«እና በምን?»

ከሷ አፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «አላውቅም» አልኳት። «እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ አንቺ ትጠይቂያለሽ። እኔ አልጠይቅልሽም፣ እናትሽም አትጠይቅልሽም።»

ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን። ግማሽ ቀን ተሰለፍን። ገብተን ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ሲላት እናትየው አፏን ከፈተች፤ ክንዷን ያዝ አደረግኳት። ለካ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ልጅቷ እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ሐኪሙ ካርዷን ያገላብጣል፣ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ያንኳኳል። እኔም ልናገርላት ምላሴ እያሳከከኝ የቀሚሴን ቁልፍ እቆጥራለሁ።

«ጸበል ስጠመቅ ክኒኑን መተው አለብኝ?» አለች።

ሐኪሙ ቀና አለ። «ማነው ተዪ ያለሽ?»

«የማላውቀው ሰው» አለች።

ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከአራት ቀን በፊት «መምህሩ» ነበር ስሙ።

«ጸበልሽን ጠጪ፣ ማን ከለከለሽ» አላት። «ክኒኑን ግን በድንገት ማቆም አይሆንም። የጣለሽ ማቆምሽ ነው።»

«እስከ መቼ ነው የምውጠው?»

«እሱን አሁን አልነግርሽም። ሳይጥልሽ ከቆየ እኛው እያየን ቀስ በቀስ እንቀንሳለን። ብቻሽን ግን እንዳትቀንሺ።»

«ብረሳስ? አንድ ቀን ብረሳ?»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ። እናትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እኔ እንኳ ይህን ጠይቄ አላውቅ» አለችኝ።

በቀጣዩ እሑድ ቡናማውን ፖስታ ይዤ አዳራሽ ገባሁ። የልጅቷን ገመና ሳልነካ፣ ጥያቄ ስደብቅ እንደኖርኩ፣ ያስጠናኋቸውም ዓረፍተ ነገር ግማሹ ስህተት እንደሆነ ነገርኳቸው። ቀልደኛዋ «የትኛው ግማሽ?» አለች። እያንዳንዱን ወረቀት እያነበብን እስከ ጳጉሜን ዘለቅን። ብዙውን አልመለስኩትም፤ «የሚያውቅ እንጠይቅ» አልኩ። የበጉን ነገር ልጅቷ ራሷ ነግራቸው ኖሮ፣ አሁን አንዱ ከስልክ የሰማውን ሲጠቅስ ከኋላ «ጥርሱን አይተኸዋል?» «ላቱስ ተይዟል?» ይሉታል። ያም ቢሆን በአፍ ነው እንጂ ቪዲዮው ዛሬም ይገለበጣል። ከሠላሳው ስድስቱ መምጣት ትተዋል። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አመራሮች አንዱ ቅዳሜ አስቁመውኝ፣ «እትዬ፣ ልጆቹ አፍ አወጡ እኮ። ዲያቆኑን 'የት ተጽፏል' ብለው አፋጠጡት» አሉኝ። ምን ልበላቸው? እኔንም ያፋጥጡኛል።

ባለፈው እሑድ ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ ሲነሱ፣ እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ፣ «መጽሐፋችሁን ዝጉ! ክፍት የተተወ መጽሐፍ ሰይጣን ያነበዋል» አልኩ። በቤተ መጻሕፍቱም በአዳራሹም ዕድሜዬን ሙሉ ያልኩት ነገር ነው።

ከሦስተኛው ወንበር እጅ ወጣ። «እትዬ፣ ይሄ የት ተጽፏል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ፊቴ ጋለ። በሃያ ሁለት ዓመቴ አንደኛ ክፍል ያስተማሩኝ ሰውዬ ነበሩ የነገሩኝ፤ እሺ ብዬ ተቀብዬ፣ እሺ ብዬ አስተላለፍኩት። የት እንደተጻፈ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። «ቁጭ በይ» ልላት ምንም አልቀረኝም።

«አላውቅም» አልኩ። «ፈልጌ እመጣለሁ።»

ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ። እሷ ወደ ኋላ ቀርታ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ብልቃጧን አወጣች፣ ሰዓቷን አየች። ማንም ሳይነግራት፣ ከማንም ሳትደበቅ፣ ክኒኗን አፏ ውስጥ አድርጋ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጸበል ተጎነጨችበት። ዋጠች። አፏን በነጠላዋ ጠረገች።

«ለሚቀጥለው እሑድ ያገኙታል አይደል እትዬ?» አለችኝ።

«ልሞክር» አልኳት።

ብጣሽ ወረቀት ቀደድኩና ጥያቄዋን ጻፍኩት። ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።